ለትንንሽ የማግነም ጥይቶች ባሩድ አመራረጥ

የሪቮልቨር ጥይት ቤት ውስጥ በእጅ መሙላት በተለይ አሜሪካ ውስጥ የቆየ ሙያ ነው። ሪቮልቨር ማለት ጥይቶቹ በሚዞር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ ነው። የተተኮሰው ቀለህ አይጣልም። ይጸዳል፣ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ቂጡ ላይ አዲስ ፕራይመር፣ ማለትም ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክዳን፣ ይገባለታል፣ ባሩድ ይጨመርበታል፣ በመጨረሻ አረሩ ይተከላል። ከዚህ ሁሉ ብዙ የሚያከራክረው የባሩዱ ምርጫ ነው። እዚህ በዋናነት የምናየው 32 ካሊበሮቹን ነው፤ ካሊበር የአረሩ ውፍረት መለኪያ ሲሆን ማግነም የሚባሉት ደግሞ ከተለመደው በላይ ኃይለኛ የሆኑት ጥይቶች ናቸው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የቤተሰቡ አያት በ1878 የወጣችው፣ በሽጉጥ ሠሪው ድርጅት ስም የተጠራችው 32 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ናት። ያኔ የምትሞላው በጥቁር ባሩድ ነበር። በ1896 ረዘም ያለችው 32 ሎንግ ተከተለች። ዐድዋ ላይ ብዙዎቹ አባቶቻችን በጥቁር ባሩድ የሚሠራውን ውጅግራ ይዘው የተዋጉት በዚያው ዓመት ነው። ጭስ አልባው ባሩድ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1884፣ ፈረንሳይ ውስጥ በፖል ቪዬ እጅ ተሠርቶ ነበር። ጥቁሩ ባሩድ ቀለሁን ጢም አድርጎ ይሞላል። ጭስ አልባው ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ትንሽ ይበቃዋል። ያኔ ቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ተፈጠረ። የዛሬው ሙያተኛ ጭንቀትም ከዚያ ባዶ ቦታ ይመነጫል።

ስለ 1930ዎቹ ብዙ ተጽፏል። ኤልመር ኪዝ የሚባል የከብት እርባታ ሰው በ38 ስፔሻል ቀለህ ላይ ከተለመደው በላይ ኃይለኛ ጥይት ይሞላ ነበር። የሚተኩሰውም ለ44 ካሊበር በተሠራ ከባድ አካል ላይ በተገጠመ 38 ሽጉጥ ነው። የወደደው ባሩድ ሄርኩለስ ያመርተው የነበረው 2400 ነው። ስሙ የወጣው በትንሽ የጠመንጃ ጥይት ላይ ካስገኘው ፍጥነት ነው ይባላል፤ በሴኮንድ 2,400 ጫማ መሆኑ ነው። የጦር መሣሪያ ጸሐፊው ፊሊፕ ሻርፕም በዚሁ መስመር ይሞክር ነበር። በስሚዝ ኤንድ ዌሰን በኩል ነገሩን የያዘው ዳግላስ ዌሰን ነው። በ1935 ከጥይት አምራቹ ዊንቸስተር ጋር ሆነው 357 ማግነምን አወጡ። ቀለሁን ከ38 ስፔሻል በአንድ ስምንተኛ ኢንች ግድም አስረዘሙት። ለምን? ባሩድ ለመጨመር ብቻ አይደለም። ኃይለኛው ጥይት ደካማ ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ትልቅ ጥንቃቄ ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል።

32ቱም በዚሁ መንገድ ሄደ። በ1984 ሽጉጥ ሠሪው ሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን እና ጥይት አምራቹ ፌደራል 32 ሎንግን አስረዝመው 32 ኤች ኤንድ አር ማግነምን አመጡ። በ2008 ደግሞ ሽጉጥ ሠሪው ሩገርና ፌደራል 327 ፌደራል ማግነምን ጨመሩ። የ327 ቀለህ 1.2 ኢንች ሲሆን የግፊት ገደቡ በስኩዌር ኢንች 45,000 ፓውንድ ነው። የኤች ኤንድ አሯ ገደብ 21,000 ሲሆን የተለካው በድሮው የመዳብ ዘዴ፣ ማለትም ግፊቱ አንዲት የመዳብ ቁራጭ ምን ያህል እንደጨፈለቀ በማየት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ልክ አይሆንም። 327 የሚተኩስ ሽጉጥ ታናናሾቿን ሁሉ ይቀበላል። ትንሿ የሩገር ሽጉጥ፣ ኤስፒ 101፣ በ357 አምስት ጥይት ስትይዝ በ327 ስድስት ትይዛለች። 32ን እንደ መጫወቻ የሚያዩ ሰዎች ይህን ይዘነጉታል።

ወደ ባሩዱ እንግባ። ዋናው ነገር የሚነድበት ፍጥነት ነው። ቡልስአይ ፈጣን ነው፣ ዩኒክ መካከለኛ፣ 2400 ዘገምተኛ፣ ኤች 110 ደግሞ ከዚያም የዘገየ። ፈጣኑ ግፊቱን ባንዴ ያወጣል፤ ለቀላል የልምምድ ጥይት ይሆናል። ዘገምተኛው አረሩን እየተከተለ ስለሚገፋ ግፊቱን ከገደቡ ሳያሳልፍ የበለጠ ፍጥነት ይሰጣል። አፈሙዙ አጭር ሲሆን ዘገምተኛው ባሩድ ደጅ ላይ ቦግ ይላል። ያም ሆኖ ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፈጣኑ ይበልጣል።

ትንሽ ቀለህ ስህተት አይችልም። ባሩድ የሚለካው በግሬይን ነው፤ አንዱ ግሬይን 0.065 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሦስት ግሬይን በሚወስድ ቀለህ ላይ 0.3 ግሬይን ብትስት ስህተትህ 10 በመቶ ነው። 15 በሚወስደው ላይ ግን 2 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የባሩዱ ቅርጽም ይታያል። ዩኒክ ቅርፊት ቅርፊት ስለሆነ መስፈሪያው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል። ኤች 110 ድቡልቡል ነው፣ እንደ ጤፍ ይፈሳል። ለ32 ቀለህ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ግን ኤች 110 የራሱ አመል አለው። ቀለሁ ሞላ እንዲል ይፈልጋል። የሚሸጠው ሆጅደን ራሱ ከተቀመጠው መጠን ከ3 በመቶ በላይ እንዳይቀነስ ያስጠነቅቃል። ሲያንስ በደንብ ላይቀጣጠልና አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ ሌላ ጥይት ከተተኮሰ ሽጉጡ ሊፈነዳ ይችላል። የቀለሁ አፍም አረሩን ጥብቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ይህ ለቃጠሎውም ይጠቅማል፤ ካልያዘው ደግሞ ክብደቱ ቀላል የሆነ ሽጉጥ ወደ ኋላ ሲመታ ቀሪዎቹ ጥይቶች አረራቸው ሾልኮ ከበሮውን ሊያስሩት ይችላሉ። ዊንቸስተር 296 የሚባለው ከኤች 110 ጋር አንድ ባሩድ ነው። ሊልጋን የሚባለው ሌላ ዘገምተኛ ባሩድ ጥሩ ፍጥነት ይሰጣል፤ አንዳንድ ተኳሾች ግን አፈሙዙን ያግላል፣ ይበላል ይላሉ። ለሁሉም ሥራ አንድ ቆርቆሮ ብቻ ግዛ ብባል በእኔ እምነት 2400 ነው። መጠኑ ቢቀነስም እንደ ኤች 110 አያኮርፍም።

ፈጣን ባሩድ የመረጠ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ቢጨመርም ቀለሁ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ አይፈስም። 2400 ሙሉ መጠኑ ሁለቴ ከተጨመረ ግን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል፣ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች አረር ከመትከላቸው በፊት ቀለሆቹን ሁሉ መደዳውን በእንጨት መደርደሪያ አቁመው በባትሪ የሚያዩአቸው። የባሩዱ ከፍታ በሁሉም እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጎድጎድ ወይም ከፍ ካለ ተደፍቶ እንደ አዲስ ይለካል። መነሻው ሁልጊዜ ባሩድ አምራቹ ያሳተመው ዝቅተኛ መጠን ነው። ከዚያ 0.1 ግሬይን እየተባለ ይጨመራል፤ አምራቹ ያሳተመው ከፍተኛ መጠን ግን አይታለፍም። ከዚያም በፊት ቢሆን ቀለሁ ከከበሮው አልወጣም ካለ ግፊቱ በዝቷልና መጠኑ ይቀነሳል።