የጥበባት ሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት በኢትዮጵያ

የጥበባት ሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜና ቴአትር ከየትኛው ክፍል ጀምሮ፣ በምን ቅደም ተከተልና በሳምንት በስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚሰጡ የሚወሰንበት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ አገር አቀፍ ማዕቀፉን የሚያወጣው አራት ኪሎ የሚገኘው ትምህርት ሚኒስቴር ሲሆን፣ የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ መጻሕፍትን በየአካባቢው ቋንቋ የሚያዘጋጁት የክልልና የከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች ናቸው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ ሙዚቃና ሥዕል በታችኞቹ ክፍሎች በሥነ ውበት ትምህርት ሥር ተጣምረው ይሰጡ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ባለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የክዋኔና የእይታ ጥበባት፣ ማለትም ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቴአትርና ሥዕል፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። እርምጃው ተገቢ ነው፤ ከባዱ ሥራ ግን የመጣው ከስያሜው በኋላ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከሚኒስቴሩ ሩቅ አይደለም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ሁለቱም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነው፣ በዚያው በመሐል ከተማ ይገኛሉ። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትርም ፒያሳ ነው። አዘጋጆቹ በእግር ሊዞሯቸው የሚችሉ ተቋማት ናቸው።

መርሐ ትምህርት ሲጻፍ ዋናው ጥያቄ ተማሪው ምን ያውቃል ሳይሆን ምን ይሠራል የሚለው ሊሆን ይገባል። የኢትዮጵያ ዜማ የሚመሠረትባቸውን አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ ስማቸውን ጠርቶ መደርደር ለፈተና ይበቃ ይሆናል፤ ጆሮን ግን አያሠለጥንም። መምህሩ ክራር ይዞ ቢገባ ነገሩ ሌላ ነው። ሙሉ ትዝታን ከመታ በኋላ የቅኝቱን ሦስተኛና አምስተኛ ድምፅ የያዙትን ክሮች በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ያንኑ ዜማ ሲደግመው ግማሽ ትዝታ ይሆናል፤ ልጆቹም ዜማው እንደከፋው፣ የተነኩት ግን ሁለት ድምፆች ብቻ እንደሆኑ በጆሯቸው ያረጋግጣሉ። ይህ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው፤ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ እንዲህ ተዘርዝሮ ካልተቀመጠ ግን ክራር የማያውቅ መምህር ከየትም አያመጣውም።

በሥዕልም እንዲሁ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በአንድ ወገን ፊትና በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ተማሪው ይህን ሙዚየም ቆሞ ራሱ ቢያስተውለው፣ ሠዓሊ በመስመር ብቻ ፍርድ እንደሚሰጥ ይገባዋል። ይሁን እንጂ አገር አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት በአንድ ትውፊት ብቻ ሊቆም አይችልም፤ በአንድ የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ መንዙማ እየሰማ ያደገውም፣ ገረርሳ የተባለውን የኦሮሞ የጀግንነት ዜማ የሚያውቀውም፣ ከበሮ ከመምታት ሌላ የቤተሰብ ሙያ የሌለውም ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስለዚህ ማዕቀፉ ብቃቱን ወስኖ ምሳሌውን ለአካባቢው መተው አለበት።

በተግባር ከሁሉም የሚከብደው የመምህሩ ጉዳይ ነው። ትምህርቱ አንድ ይባል እንጂ በውስጡ ያሉት ሙያዎች ብዙ ናቸው፤ ሙዚቃ የተማረው ብሩሽ ለመያዝ፣ ሥዕል የተማረውም ቅኝት ለማሰማት ይቸገራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጥበባትን ስለማይጨምርም ጊዜ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚነካው ይህ ክፍለ ጊዜ ነው። ምዘናው በልጁ የሥራ ማኅደር፣ ማለትም ዓመቱን ሙሉ በሣላቸውና በተጫወታቸው ሥራዎች ላይ ቢመሠረት፣ መምህሩም ርዕሰ መምህሩም የሚጠየቁበት ነገር ይኖራል። የሙዚየም ጉብኝትም በመምህሩ በጎ ፈቃድ የሚደረግ ሽርሽር መሆኑ ቀርቶ፣ በዓመታዊው ዕቅድ ቁጥር የተሰጠው ክፍለ ጊዜ ሆኖ መግባት ይኖርበታል።