ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር

ደሞዝተኛ ሥራውን ለቆ ሱቅ ልከፍት ነው ባለ ቁጥር ይህችን ተረት የሚወረውርበት አይጠፋም፤ «ተው፣ ይቅርብህ» ለማለት። ሌላው ደግሞ የመጀመሪያ ግማሿን ብቻ ቆርሶ የጎረቤቱን መኪና ያደንቅባታል። ለመሆኑ የትኛው ከበሮ ነው የሚያደናግረው? የሠርጉማ ቢስቱትም እልልታው ይሸፍነዋል። በእኔ ግምት ተረቷ የተወለደችው ቤተ ክርስቲያን፣ ካህናቱ የሚያዜሙበት ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ነው።

ክቡ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሦስት ቀለበት ነው፤ መካከሉ መቅደስ፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ዳር ዳሩን ቅኔ ማኅሌት። ክፍሉ ስሙን ያገኘው ከሚዜምበት ነገር ነው። በተራው ቤቱ ለባለዜማዎቹ ማዕረግ ሰጥቷል፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የቆሙበት ወገን ስም ነው።

ከበሮው ከግንድ ይፈለፈላል፤ ዋንዛ ከተገኘ ደግ ነው። ሁለቱ አፎቹ በበሬ ቆዳ ተሸፍነው በጠፍር ይወጠራሉ። ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ አለው፤ አንገት ላይ ሲያነግቱት ወደ ሰፊው ያጋድላል። ግራና ቀኝ እጅ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ገና ሳይመቱት፣ ሲይዙት። በክረምት ቆዳው እርጥበት ይስብና ይላላል፣ ድምፁም ይሞታል። ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ እሳት አብዝተው ካስጠጉት ግን ይሰነጠቃል።

ዜማው በቁም፣ ማለትም ያለ መሣሪያ፣ ሲባል ከበሮ የለም። ዝማሜው፣ ከዜማው ጋር መወዛወዙ፣ በመቋሚያ በትር ነው። ከበሮው በመረግድ፣ በዝግታው ክፍል፣ ረጋ ብሎ ይገባና በፈጣኑ ክፍል፣ ጽፋት ላይ፣ ከጭብጨባው ጋር ይፈጥናል። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ዙሪያው 60 ሜትር የሆነ ቀለበት ውስጥ፣ በርና መጋረጃ ካልከለለው፣ ዞሮ ለመመለስ ከሰከንድ አንድ ስድስተኛ ጥቂት ያልፋል። በመረግድ ጊዜ ይህ አይሰማም። በጽፋት ጊዜ ግን የተመለሰው ምት በሁለት ምቶች መሃል ይወድቃል፣ መቺውም የቱ የእጁ፣ የቱ የግድግዳው እንደሆነ ይጠፋዋል። ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ለሚያዳምጠው ምእመን ሁሉም ተዋሕዶ ይደርሰዋል፤ «በሰው እጅ ያምር» ያለው እሱ ነው።

እርግጥ የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ድምፅ ይውጣሉ። ይህ ግምቴን ያደክመዋል፤ ቢሆንም አልተወውም።

የዛሬው ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚውጠው ነገር የለም። በላዩ ማይክሮፎኑ ከበሮው አፍ ላይ ይደቀናል፣ ወዲያ ጥግ ካለው ድምፅ ማጉያ ያው ምት ለመቺው ዘግይቶ ይደርሰዋል። መቺው እጁን ትቶ ማጉያውን ሲጠብቅ ዜማው ይጎተታል፤ ከዚያ መሪጌታው በዓይኑ ይቆጣዋል። ተረቷ የምታወራው ስለዚህ ሰው ነው። ሱቅ ለሚከፍተው ሌላ ይፈለግለት።