የጋማ ጨረር ፍንዳታ ድኅረ ፍካት ምልከታና ከሱፐርኖቫ ጋር ያለው ዝምድና

የጋማ ጨረር ፍንዳታ ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣ፣ ከሰከንድ ክፍልፋይ እስከ ብዙ ደቂቃ የሚቆይ ብልጭታ ነው። ብልጭታው ካለፈ በኋላ በኤክስሬይ፣ በሚታይ ብርሃንና በሬዲዮ እየደበዘዘ የሚቀጥለው ብርሃን ድኅረ ፍካት ይባላል። ከ2 ሰከንድ በላይ የሚቆዩት «ረጅም» ፍንዳታዎች አብዛኞቹ የግዙፍ ኮከብ ሞት መሆናቸው የተረጋገጠው ይህን ብርሃን ለሳምንታት በመከታተል ነው።

ፍንዳታዎቹን መጀመሪያ የመዘገቡት የአሜሪካ ቬላ ሳተላይቶች ናቸው፤ ምልክቱ የደረሳቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ሲሆን ግኝቱ የታተመው በ1973 ነው። ቦታቸውን በጠባቡ ለይቶ ቴሌስኮፕ ማዞር የተቻለው ግን የጣሊያንና የኔዘርላንድስ ሳተላይት ቤፖሳክስ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 የታየው ፍንዳታ የኤክስሬይ ድኅረ ፍካት ተገኘለት፤ በላ ፓልማ ደሴት ያለው የዊሊያም ኸርሽል ቴሌስኮፕም የሚታየውን ብርሃን ያዘ። በዚያው ዓመት ሜይ 8 የታየው ፍንዳታ በኬክ ቴሌስኮፕ ተለክቶ ሬድሺፍቱ (ብርሃኑ ወደ ቀይ የተሳበበት መጠን፤ ሲበዛ ርቀቱም ይበዛል) ቢያንስ 0.835 ሆነ፤ ፍንዳታዎቹ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆናቸው በዚህ ለየ።

ኤፕሪል 25 ቀን 1998 ለታየው ፍንዳታ ቤፖሳክስ ባመለከተው የሰማይ ክፍል ውስጥ 1998ቢደብሊው የተባለ ሱፐርኖቫ (ፈንድቶ የሚሞት ኮከብ) ተገኘ። ጋላክሲው ቅርብ ነው፤ ሬድሺፍቱ 0.0085። ፍንዳታው ግን ለዚያ ርቀት እጅግ ደካማ ስለነበርና በክልሉ ከአንድ በላይ የኤክስሬይ ምንጭ ስለታየ፣ ግጥምጥሞሽ ሊሆን ይችላል የሚሉ አልጠፉም። ክርክሩን የዘጋው የማርች 29 ቀን 2003 ፍንዳታ ነው። ሄቴ-2 ሳተላይት አገኘው፤ ሬድሺፍቱ 0.1685፣ ድኅረ ፍካቱም በትንንሽ ቴሌስኮፖች ሳይቀር በቀላሉ የሚታይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስፔክትረሙ (ብርሃኑ በየቀለሙ ሲበተን የሚታየው) መስመር አልባና ለስላሳ ነበር። ሳምንት ካለፈ በኋላ ድኅረ ፍካቱ ሲደክም ከሥሩ የ1998ቢደብሊው አምሳያ የሆኑ ሰፋፊ መስመሮች ብቅ አሉ፤ ሱፐርኖቫ 2003ዲኤች ተባለ። እንዲህ ያሉ ሱፐርኖቫዎች «አንድ-ሲ ሰፊ መስመር» ከሚባለው ዓይነት ናቸው፦ ሃይድሮጅንም ሂሊየምም አይታይባቸውም፣ ቁሳቸው በሰከንድ 20,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወረወራል። የሚያበራቸው ራዲዮአክቲቭ የሆነው ኒኬል-56 ነው።

አዲስ ፍንዳታ ታየ የሚለው ማንቂያ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው የመጣው በኖቬምበር 2004 ከመጠቀችው ከስዊፍት ሳተላይት ነው። በሰከንዶች ውስጥ የጥቂት የቅስት ደቂቃ (የዲግሪ 1/60)፣ ቀጥሎ በኤክስሬይ ቴሌስኮፗ የጥቂት የቅስት ሰከንድ (የቅስት ደቂቃ 1/60) ስፋት ያለው አቅጣጫ ስትልክ ቆይታለች። የድኅረ ፍካቱ ብሩህነት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.2 ባለው የጊዜ ኃይል ተገላቢጦሽ ይወርዳል (ጊዜው አሥር እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል)፤ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ አሥረኛው ከ2.5 እስከ 3 ማግኒቲዩድ (የብሩህነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይደበዝዛል) ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተኩስ (ምስሉን አንሳ)፣ በኋላ አስተካክል። አንድ ረጅም ምስል ከማንሳት የ60 ወይም የ120 ሰከንድ ምስሎችን ደጋግሞ አንስቶ መደመር ይሻላል፤ ብሩህነቱን የምናነጻጽርባቸው ኮከቦች ብርሃን ካሜራውን ከልክ በላይ አይሞላም፣ የአደባዘዙም መልክ አይጠፋም። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት ጋር መመሳሰል አለበት፦ ፍንዳታው በሆነ በሁለተኛው ደቂቃ የአንድ ደቂቃ ስህተት የቁልቁለቱን መጠን ያበላሻል።

አዲስ ነገር ታየ ብሎ ከማወጅ በፊት ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ማንሳት ይገባል። አስትሮይድ ከሆነ በሰዓት 30 የቅስት ሰከንድ ገደማ ይጓዛል። ያረጀ ካርታ ላይ አለመኖሩ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ካርታው የማይደርስበት ደብዛዛ ጋላክሲ ሊሆን ይችላል። በቀዩ ማጣሪያ ጨርሶ ጠፍቶ በኢንፍራሬድ የሚታይ ደግሞ ወይ በአቧራ የተሸፈነ ወይ ሬድሺፍቱ ከ5 በላይ የሆነ ነው።

ሱፐርኖቫው ጫፍ የሚደርሰው በራሱ ሰዓት ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ ሬድሺፍቱ 0.3 ከሆነ ለእኛ (የጽንፈ ዓለሙ መስፋፋት ጊዜውን ስለሚያስረዝመው) ወደ 20 ቀን ይሆናል፣ ብሩህነቱም 22ኛ ማግኒቲዩድ አካባቢ። ሰማያዊው ብርሃን በብረታማ ንጥረ ነገሮች ስለሚዋጥ በአርና በአይ (በቀይና ለኢንፍራሬድ በቀረበ) ማጣሪያ መከታተል ያዋጣል። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው የመጨረሻው ምስል ነው። ከበርካታ ወራት በኋላ በዚያው መሣሪያና ማጣሪያ የጋላክሲው ብቻ ምስል ተነስቶ ካልተቀነሰ፣ የአደባዘዙ መስመር መደልደል የጋላክሲው ብርሃን ይሁን የሱፐርኖቫ መለየት አይቻልም። ሱፐርኖቫ ናቸው የተባሉ ብዙ «እብጠቶች» (በአደባዘዙ መስመር ላይ የታዩ ጉብታዎች) የወደቁት እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም ረጅም ፍንዳታ ሱፐርኖቫ አያሳይም። የጁን 14 ቀን 2006ቱ 100 ሰከንድ ያህል ቆይቶ፣ በ0.125 ሬድሺፍት ቅርብ ሆኖ ሳለ ምንም አልታየበትም፤ የብዙዎች ግምት የታመቁ ኮከቦች (እንደ ኒውትሮን ኮከብ ያሉ) ውህደት ነው የሚል ነው። ከዲሴምበር 11 ቀን 2021 ፍንዳታ በኋላ የታየው ብርሃን የኪሎኖቫ (እንዲህ ያሉ ኮከቦች ሲዋሃዱ የሚፈጠር ፍካት) ስለሚመስል ግምቱ በርትቷል። የኦክቶበር 9 ቀን 2022ቱ እጅግ ብሩህ ፍንዳታ ግን የተሰወረው ከእኛው ጋላክሲ አቧራ ኋላ ነበር፤ በምድር ያሉ ቴሌስኮፖች ሱፐርኖቫ አለ የለም ሲሉ ተለያዩ። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የኦክስጅንና የካልሲየም መስመሮችን አሳየ፤ ሱፐርኖቫው ነበረ፣ ብሩህነቱም ከተለመዱት የተለየ አልነበረም።