ሀብታሙ ነጋዴ ለምን መጨረሻ ላይ ተሰለፈ?

ስለ ጥንቷ ቻይና ያነበበ ሰው አንድ ነገር ግራ ያጋባዋል። ሕዝቡ በአራት ይመደባል፦ ምሁር፣ ገበሬ፣ የእጅ ባለሙያ፣ ነጋዴ። ገበሬው ጦሙን እያደረ ሁለተኛ፣ ነጋዴው በሀብት እየተንበሸበሸ መጨረሻ! እንዴት ነው ነገሩ?

ደረጃው የኪስ ሳይሆን የክብር ነው። በጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ በኮንፊሺየስ ተከታዮች ዓይን ገበሬ እህል ያበቅላል፣ የእጅ ባለሙያ ዕቃ ይሠራል። ነጋዴ ግን ሌላው የለፋበትን ገዝቶ አትርፎ ይሸጣል። መንግሥትም ብዙውን ግብር የሚሰበስበው ከገበሬው ነበር። ገበሬውን ማሞገስ ደግሞ ወጪ የለውም።

ንቀቱ እስከ ልብስ ይደርሳል። የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ሆንግዉ በ1381 እ.ኤ.አ. ገበሬ ምርጥ ሐር እንዲለብስ ፈቀደ፤ ነጋዴን ከለከለ። ከገበሬው ቤት አንድ ሰው ንግድ ከጀመረ ደግሞ መላው ቤተሰብ ይህን ሐር መልበስ አይችልም። የትኛው ድሃ ገበሬ ሐር መግዣ እንደነበረው እንጃ!

መደቡ ግን እንደ ዘር የተቆለፈ አልነበረም። ከሚንግ በፊት በነበረው በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የነጋዴ ልጅ ለመንግሥት ሹመት ፈተና እንዳይቀመጥ ይከለከል ነበር፤ በሚንግና እሱን በተካው በቺንግ ሥርወ መንግሥት ጊዜ ተፈቀደለት። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ነጋዴ መምህር ቀጥሮ ልጁን ያስጠናል። ልጁ ካለፈ ቤቱ ከመጨረሻው ረድፍ ወደ መጀመሪያው ይዘላል።

የባሰባቸው ከአራቱም ውጭ የቀሩት ናቸው። ተዋንያንና ሴተኛ አዳሪዎች በቺንግ ሕግ ልጆቻቸው ሳይቀር ከፈተና ይታገዱ ነበር። ፈተናው ራሱ የቀረው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው።