የተገላቢጦሽ ግጥም ምንድን ነው?

ልጆች የሚያውቁትን ዓለም ሆን ብሎ ገልብጦ የሚያቀርብ አስቂኝ የልጆች ግጥም ነው። ዓሣ ይበራል፣ በረዶ ያቃጥላል፣ ሕፃኑ አያቱን እሹሩሩ ይላል።

ስለዚህ ዓይነቱ ግጥም በጥልቀት ከጻፉት አንዱ ሩሲያዊው ገጣሚ ኮርኔይ ቹኮቭስኪ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጁ አንድ ቀን መጥታ ውሻ «ሚያው» ይላል አለችው። አባት ሊያርማት ሞከረ። እሷ ግን ፊቱን እያየች፣ እየሳቀች ያንኑ ደገመችው። ያን ጊዜ ጨዋታ መሆኑ ገባውና ዶሮውንም በሌላ እንስሳ ድምፅ አስጩሆ አብሯት ተጫወተ።

ልጅቷን ያሳቃት ውሻ እንደሚጮህ አሳምራ ማወቋ ነው። ይህን ገና ያላወቀ ሕፃን አይስቅም፤ የተነገረውን እንዳለ ይቀበላል። ስለዚህ ልጅ በተገላቢጦሽ ሲስቅ ትክክለኛውን እንደያዘው እየነገረን ነው። «ልጆችን ያሳስታል» የሚለው ስጋት እኔን የማያሳምነኝ ለዚህ ነው።

ቀልዱን የሚሸከመው ደግሞ ምቱና ቤት መምቻው ነው። ይህችን ለምሳሌ የገጠምኳትን ጮክ ብላችሁ አንብቧት፦

አይጢቱ ስትመጣ ድመቷ ፈራች፣
ጉድጓዷ ውስጥ ገብታ እናቷን ጠራች።

አሁን ደግሞ «አይጥ ስለመጣች ድመቷ ደነገጠችና ጉድጓዷ ውስጥ ገብታ እናቷን ተጣራች» በሉት። ታሪኩ አልተለወጠም፤ ሳቁ ግን ጠፋ። በግጥሙ ውስጥ ዓለም ተገልብጦ ስንኙ ግን አልተዛነፈም፤ ልጁም «ፈራች» ሲባል የሚመጣውን ድምፅ በጉጉት ይጠብቃል። «ጉድጓዷ» የምትለውን ቃልም ልብ በሉ፤ ድመቷ ለካ የራሷ ጉድጓድ አላት! እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ከትልቅ ማጋነን ይልቅ ታስቃለች።

ይህን ዓይነት ቀልድ አብልጬ የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ የሚሳቅበት ሰው የለም። በወፍራሙ ልጅ ወይም በኮልታፋው የሚያስቅ ግጥም ክፍል ውስጥ ሲነበብ አንድ ልጅ አንገቱን ይደፋል። የተገላቢጦሹ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ያስቃል።

ስታነቡላቸው አታብራሩ። ከቤት መምቻው በፊት ትንሽ ቆም በሉ፤ «እንዲህ አይደለም እኮ!» ብለው ሲጮኹም የማታውቁ መስላችሁ «ታዲያ እንዴት ነው?» በሏቸው። ብዙ ጊዜ ከማረም አልፈው የራሳቸውን ተገላቢጦሽ ይገጥማሉ።