የጎማ ንፋስ መብራትን ሪሴት ማድረግ ምንድን ነው?

ጠዋት ሞተር ስታስነሱ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በርታ ቀረች እንበል። ቅርጿ አፉን ወደ ላይ የከፈተ የፈረስ ኮቴ ይመስላል። መሃሏ ላይ ቃለ አጋኖ አለ። ስዕሉ ጎማ ነው፤ ተቆርጦ ከፊት ለፊት ሲታይ። ከታች ያሉት ጥርሶች መሬት የሚነካው ክፍል ናቸው፣ ግራና ቀኙ ደግሞ የጎማው ጎን። «ከጎማዎቻችሁ አንዱ ንፋስ ጎድሎታል» እያለቻችሁ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንዴት ነው የማጠፋት?» ብሎ ነው። አጠገቡ ያለው ደግሞ «ሪሴት አድርጋታ!» ይለዋል። ይህን ቃል በደንብ ሳይገባን ስለምንጠቀምበት ይቆጨኛል። ሪሴት ማድረግ መብራት ማጥፋት አይደለም። መኪናውን «አሁን ጎማዎቹ ውስጥ ያለው ንፋስ ልኩ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ከወረደ ንገረኝ» ብሎ ማስተማር ነው። ልኩን ካስተማራችሁት በልኩ ይጠብቃችኋል። የተሳሳተ ካስተማራችሁት ስህተቱን ይዞ ይቀጥላል።

ለመሆኑ መኪናው ንፋስ መጉደሉን በምን ያውቃል? ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛው በቀጥታ መለካት ነው። በእያንዳንዱ ቸርኬ ላይ፣ ንፋስ የምንሞላበት ቫልቭ ሥር፣ ከጎማው ውስጥ አንዲት ትንሽ ሴንሰር ትቀመጣለች። የራሷ ባትሪ አላት። ግፊቱን እየለካች በሬዲዮ ሞገድ ለመኪናው ትልካለች፤ አብዛኞቹ በ315 ወይም በ433 ሜጋኸርትዝ ነው የሚሠሩት። ዳሽቦርዱ የአራቱንም ጎማ ግፊት ለየብቻ በቁጥር የሚያሳያችሁ ከሆነ መኪናችሁ ይህ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ግን እኔን ይበልጥ ይገርመኛል። ጎማው ውስጥ ምንም ነገር የለም። መኪናው የሚጠቀመው ለኤ.ቢ.ኤስ. ፍሬን (ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ለሚያደርገው) የተሠሩትን፣ የእያንዳንዱን እግር ዙር የሚቆጥሩትን ሴንሰሮች ነው። ንፋስ የጎደለው ጎማ ትንሽ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ ያንሳል። ስለዚህ ከሌሎቹ እኩል ለመድረስ የበለጠ መዞር አለበት። ከአባቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚሄድ ልጅ አስቡ። መንገዱ አንድ ነው፣ ልጁ ግን ብዙ ይረግጣል። የጎማው ልዩነት በዓይን የማይታይ ትንሽ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ያነባታል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህ ሁለተኛው ዓይነት መኪና ግፊቱ 32 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ንፋስ የሚለካበት መለኪያ) ይሁን 20 አያውቅም። የሚያውቀው «ሪሴት የተደረግሁ ቀን እንዲህ ነበር፣ ዛሬ ተለውጧል» የሚለውን ብቻ ነው። ጎማው እንደጎደለ ሪሴት ካደረጋችሁት ጉድለቱን እንደ ጤና ይቀበለዋል።

አንድ ዘመዴ እንዲሁ ያደርግ ነበር። መብራቷ ስትበራ የሪሴት ቁልፏን ይጫናል፣ ትጠፋለች። ከቀናት በኋላ ትመለሳለች፣ ደግሞ ይጫናል። የኋላ ጎማው ሚስማር ወግቶት ቀስ በቀስ ይተነፍስ ነበር። በመጨረሻ ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ሲያላቅቀው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ውስጡ ጥቁር ብናኝ ሞልቶታል። በጣቴ ስነካው እንደ ጥላሸት ያዘኝ። የጎማው የራሱ ግድግዳ ነው፣ ከውስጥ ተፈጭቶ። ንፋስ የጎደለው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሲታጠፍ ይሞቃል። ሙቀቱ ጎማውን ከውስጥ ይበላዋል። በፍጥነት እየተነዳ ድንገት የሚፈነዳው እንዲህ ያለው ጎማ ነው። የሚስማሩ ቀዳዳ መጀመሪያውኑ ቢታይ በቀላሉ ይለጠፍ ነበር፤ ጎማው ግን ተጣለ።

መብራቷ ግዴታ የሆነችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፖርሽ 959 የተባለው የስፖርት መኪና ይህን መከታተያ እ.ኤ.አ. በ1986 ይዞ ሲወጣ የቅንጦት ነገር ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን አሜሪካ ውስጥ ጎማቸው እየተላጠ የተገለበጡ መኪኖች ብዙ ሰው ገደሉ። የአገሪቱ ምክር ቤት በ2000 ሕግ አወጣ። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ ቀላል መኪና ሁሉ መብራቷ እንድትኖረው ተደረገ። አውሮፓ ደግሞ በ2014 ለአዳዲስ መኪኖች በሙሉ ግዴታ አደረገች።

የአሜሪካው ሕግ ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ ሹፌር ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። መብራቷ እንድትበራ የሚያስገድደው ንፋሱ ከተመከረው 25 በመቶ ሲጎድል ነው። ልኩ 32 ከሆነ 24 ሲደርስ ማለት ነው። 26 ላይ ስትነዱ መብራቷ ዝም ልትል ትችላለች። ስለዚህ አለመብራቷ ጎማው ደህና ነው ማለት አይደለም። ስትበራ ደግሞ ጉድለቱ ከጀመረ ቆይቷል።

ታዲያ ሪሴቱ እንዴት ይደረጋል? መጀመሪያ ንፋሱ። መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ ለኩ፤ የተነዳ ጎማ ስለሚሞቅ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይታያል። በትኩሱ ለክታችሁ «በዛ» ብላችሁ አታስተንፍሱት፣ ሲቀዘቅዝ ይጎድላል። የምትፈልጉት ቁጥር የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ሌላ ነው። ያ ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ግፊት ነው፤ በእሱ አትሙሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የፊትና የኋላው ቁጥር ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱንም አንብቡ። አንዳንድ መኪና ስኮርታው ላይም ሴንሰር ስላለው አራቱ ሞልተው መብራቷ እምቢ ካለች እሱንም ለኩት።

አራቱም ልካቸው ከሆኑ በኋላ ቀሪው ቀላል ነው። ሴንሰር ውስጡ ያለው መኪና ብዙ ጊዜ ምንም አይጠይቃችሁም። ጥቂት ስትነዱት አዲሱን ቁጥር አንብቦ ራሱ ያጠፋታል። ሌላው ግን ትእዛዝ ይፈልጋል። አንዳንዱ ላይ ያው የጎማ ምልክት ያለበት ቁልፍ ከመሪው በታች ወይም ኪስ ሳጥኑ ውስጥ ታገኛላችሁ። መኪናው ቆሞ፣ የሞተር ማስነሻው ተከፍቶ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም እስክትል ይህን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙት። የብዙ ቶዮታዎች ሦስት ጊዜ ብልጭ ትላለች። አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ከስክሪኑ የመኪና ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ነው ያለው። የእናንተን የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይነግራችኋል። ከዚያ ንዱት። መኪናው አዲሱን ልክ የሚማረው እየሄደ ስለሆነ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል።

ባትሪ ነቅሎ መመለስን እንደ መፍትሔ የሚመክሩ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ሰዓትና ሬዲዮ ታጠፋላችሁ እንጂ ጎማው ውስጥ ንፋስ አትጨምሩም።

መብራቷ ጠዋት በብርድ በርታ ፀሐይ ሲሞቅ የምትጠፋ ከሆነ አልተበላሸችም። አየሩ 5 ወይም 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀዘቀዘ ቁጥር ጎማው ወደ 1 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ያጣል። ጎማችሁ ጠርዝ ላይ ቆሟል ማለት ነውና ሙሉት። ሞልታችሁ፣ ሪሴት አድርጋችሁ፣ ከቀናት በኋላ ከተመለሰች ግን የሚያስተነፍስ ቦታ አለ። የሳሙና ውሃ አረፋ ቫልቩ አፍ ላይና የጎማው ጥርስ ላይ አድርጉና ጠብቁ። ንፋስ የሚወጣበት ቦታ ላይ አረፋው ቀስ እያለ ያብጣል።

መብራቷ ሞተር ስታስነሱ ለአንድ ደቂቃ ወይም ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች ነገሩ ሌላ ነው። የጎደለው ንፋስ ላይሆን ይችላል፣ የታመመው መከታተያው ራሱ ነው። ይህን ሪሴት አያድነውም። ብዙውን ጊዜ የአንዷ ሴንሰር ባትሪ አልቋል፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የምትቆየው፣ ባትሪዋም ተደፍኖ ስለሚሠራ የሚቀየረው ሴንሰሯ ሙሉ በሙሉ ነው። ወይም ሴንሰር የሌለው ቸርኬ ተገጥሟል። ወይም ጎማ ሲፈታ ተሰብራለች። ጎማውን ከቸርኬው የሚያላቅቀው ማሽን ቫልቩ አጠገብ ከተጫነ ሴንሰሯን ይሰብራታል። ስለዚህ ጎማ ልታስቀይሩ ስትገቡ ሥራ ሳይጀመር ለጎሚስታው «ሴንሰር አለው» በሉት። ከየት በኩል እንደሚጀምር ያውቃል።