ሴት ፖይንት ምንድን ነው? መድኃኒቱ ቆሞ ኪሎው ለምን አብሮ አይሄድም?

የመጨረሻዋን ኦላንዛፒን (የአእምሮ ህመም መድኃኒት ነው) ከዋጥኩ አራተኛው ወር ላይ ነበርኩ። ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ባትሪው ይሆን ብዬ ደሞ ወጣሁ፣ ያው 83። መድኃኒቱን ስጀምር 69 ነበርኩ። የኔ ሂሳብ ቀላል ነበር፣ ኪሎው የመጣው በክኒኑ ነው፣ ክኒኑ ከቆመ ኪሎውም ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። 14ቱ ኪሎ ግን ንቅንቅ አላለም፣ እንደውም ሁለተኛው ወር ላይ ግማሽ ኪሎ ጨምሮ ነበር። ያኔ የተማርኩት አንድ ቃል አለ፣ ብዙ ሰው መድኃኒት አቁሞ ለምን አልከሳሁም ብሎ ሲጨነቅ ሳይ ሁሌ ይሄ ቃል ነው ሚመጣብኝ፣ ሴት ፖይንት።

ስሙ እንዳያሳስታችሁ፣ ሴት ስላለ ከሴቶች ጋ ምንም አያገናኘውም፣ ወንዱንም እኩል ነው ሚይዘው። እንግሊዝኛ ነው፣ ተስተካክሎ የተቀመጠ ነጥብ እንደማለት። ሃሳቡ ሰውነታችን የለመደውን ክብደት ይጠብቃል ነው፣ ከዛ ዝቅ ስንል ያስርበናል፣ ያቀዘቅዘናል፣ እስክንመለስ ድረስ አይተወንም። ጠባቂው ሃይፖታላመስ ሚባል አንጎል ስር ያለ ትንሽ ክፍል ነው። ስብ የያዙት ሴሎቻችን ሌፕቲን ሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ፣ ስብ ሲበዛ ሌፕቲኑ ይበዛል ሲያንስ ያንሳል፣ ሃይፖታላመስ ደሞ ያንን እያየ ረሃብን ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። ኬኔዲ ሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 አይጦች ላይ ሰርቶ ሰውነት የስቡን መጠን ይቆጣጠራል ብሎ ነበር፣ ሌፕቲን ራሱ የተገኘው ግን በ1994 ነው፣ ሰውዬው ምልክቱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ 40 ዓመት ቀድሞ ነው የተናገረው።

ነገርዬው ሚያናድደው የት ጋ መሰላችሁ፣ ይሄ ነጥብ ወደላይ ሲሆን እሺ ባይ ነው፣ ወደታች ሲሆን ግትር። ከፍ ያለ ክብደት ላይ ከከረማችሁ «እንግዲህ የኔ ክብደት ይሄ ነው» ብሎ ይለምደዋል፣ ከዛ ትንሽ ስትቀንሱ ሌፕቲን ይወርዳል፣ ግሬሊን ሚባለው የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል፣ ሰውነት ቁጭ ብሎ ሚያቃጥለው ካሎሪም ያንሳል። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ክብደት የመቀነስ ውድድር ላይ የነበሩ 14 ሰዎችን ከ6 ዓመት በኋላ ሲለኳቸው (ውጤቱ የወጣው በ2016 ነው) ከቀነሱት ብዙው ተመልሶባቸዋል፣ ሰውነታቸው ግን አሁንም ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አሳንሶ ነበር ሚያቃጥለው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይቅር አላላቸውም!

ሁሉም ተመራማሪ በዚህ ይስማማል ማለት ግን አይደለም። አንዳንዶቹ ተቸንክሮ የተቀመጠ ነጥብ የለም፣ ክብደት እንደምንበላው፣ እንደምንተኛው፣ እንደምንንቀሳቀሰው ሚረጋበት ቦታ ነው ያለው ይላሉ። እኔ በበኩሌ ሁለቱም እውነት አላቸው ባይ ነኝ፣ እንደውም ሁለተኛው ባይኖር ይሄን ጽሁፍ መጻፍም ምንም አይጠቅምም ነበር።

መድኃኒቶቹ ታዲያ እዚህ ውስጥ ምን ያረጋሉ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ አይደሉም፣ «የአእምሮ መድኃኒት ያወፍራል» ብሎ በጅምላ ማውራት ልክ አይደለም። በጣም ሚያወፍሩት ክሎዛፒን እና ኦላንዛፒን ናቸው፣ ከነሱ ቀጥሎ ኩዌቲያፒን እና ሪስፔሪዶን፣ አሪፒፕራዞል ሉራሲዶን እና ዚፕራሲዶን ደሞ ትንሽ ወይ ምንም። በ1999 ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ በ10 ሳምንት ብቻ ክሎዛፒን በአማካይ 4.45 ኪሎ፣ ኦላንዛፒን 4.15 ኪሎ፣ ሪስፔሪዶን 2.1 ኪሎ ጨምረዋል፣ ዚፕራሲዶን ግን ዜሮ ማለት ይቻላል። ከድብርት መድኃኒቶች ሚርታዛፒን፣ ፓሮክሴቲን እና አሚትሪፕቲሊን ይታማሉ፣ ከሙድ ማረጋጊያዎቹ ቫልፕሮኤት እና ሊቲየም።

አሰራሩን በሁለት ነገር ልንገራችሁ። የአለርጂ ክኒን ውጣችሁ እንቅልፍ ጥሏችሁ ያውቃል አይደል፣ ያ ሚሆነው ክኒኑ አንጎል ውስጥ ያለውን የሂስታሚን በር ስለሚዘጋው ነው፣ ኦላንዛፒን፣ ክሎዛፒን እና ሚርታዛፒን ያንኑ በር አጥብቀው ይዘጉታል፣ እንቅልፉም የምግብ ፍላጎቱም ከዛ ይመጣል። ሁለተኛው ሴሮቶኒን ሚባለው የአንጎል መልእክተኛ «ጠግቤያለሁ በቃኝ» ሚልበት መስመር ነው፣ እሱም ይዘጋል። ለዚህ ነው ወስዶት የማያውቅ ሰው «እንግዲህ አትብላ» ሲል ሚያበሳጨኝ። እኔ ማስታውሰው ረሃቡን ሳይሆን ጥጋብ አለመምጣቱን ነው። ራቴን በልቼ፣ ሳህኑን አጥቤ፣ እጄ ሳይደርቅ ፍሪጅ ከፍቼ እቆማለሁ፣ ሆዴ ተወጥሮ ያማል፣ ግን በላሁ ሚል ስሜት የለም፣ ልክ ሌላ ሰው በልቶልኝ እኔ ገና እንደሆንኩ። ክሎዛፒን እና ኦላንዛፒን በዛ ላይ ኢንሱሊን ስራውን በደንብ እንዳይሰራ ያረጋሉ፣ ኪሎ ገና ሳይጨምር ስኳር ሚያዛባባቸው ሰዎችም አሉ።

እሺ ይቆም እንበል። ሲቆም ግፊቱ ይቆማል፣ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ጥጋብ ይመለሳል (እኔ የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ሳህን ላይ «በቃኝ» ስል ልቅሶ ነበር የቀረኝ)። ግን ጎርፍ ስለቆመ ደለሉ አብሮ አይሄድም። የተከማቸው ስብ እዛው ነው፣ ሃይፖታላመስ ደሞ እሱን እንደራሱ ንብረት ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሲያቆም መጨመሩ ይቆምለታል፣ ትንሽ ይቀንሳል፣ ከዛ ሚዛኑ ይደርቃል፣ አንዳንዱ ጥሩ አርጎ ይከሳል፣ አንዳንዱ ምንም።

ሌላው፣ አቆምኩ ያላችሁበት ቀን እና ከሰውነት የወጣበት ቀን አንድ አይደለም። ኦላንዛፒን በሳምንት ገደማ ይወጣል፣ የድብርት መድኃኒቱ ፍሉኦክሴቲን ሳምንታት ይቆያል፣ በወር አንዴ ሚወጋው ፓሊፔሪዶን ደሞ የመጨረሻው መርፌ ከተወጋ በኋላ ወራት ሙሉ ደም ውስጥ አለ። ስለዚህ መርፌ ላይ የነበረ ሰው በስድስተኛ ሳምንቱ «አቁሜ ምንም ለውጥ የለም» ቢል ገና አላቆመም ነው መልሱ።

ጭራሽ ከቆመ በኋላ ሚጨምርስ? አለ። ሜቲልፌኒዴት፣ ቶፒራሜት ወይ ቡፕሮፒዮን ሲወስዱ የነበሩ ሰዎች እነዚህ የምግብ ፍላጎት ሚዘጉ ስለሆኑ ሲቆሙ ፍላጎቱ ተመልሶ ይመጣል። ሊቲየም ላይ የነበረ ሰው ታይሮይዱ ተዳክሞ ሊሆን ይችላል፣ ሊቲየም ይሄንን እንደሚያረግ የታወቀ ነው፣ ቲኤስኤች ሚባል የደም ምርመራ ያሳየዋል፣ ታይሮይድ የደከመበት ሰው ደሞ ምንም ያህል ቢሮጥ ሚዛኑ አይሰማውም። እና ደሞ ማንም መስማት ማይፈልገው አለ፣ ህመሙ ራሱ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ መዛባት፣ ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መሆን፣ ማታ ማታ ጣፋጭ መፈለግ፣ እነዚህ ከኪሎው በፊት ሚታዩ ናቸው፣ እንደዚህ ከሆነ ስለ ካሎሪ ማውራት ትታችሁ ለዶክተራችሁ ደውሉ።

እዚህ ጋ ለአፍታ ገና ላላቆማችሁት። ለኪሎ ብላችሁ በራሳችሁ ዛሬ ጥርግ አርጋችሁ እንዳትጥሉት። የድብርት መድኃኒት ድንገት ሲቆም ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ሚያረግ ነገር ይመጣል፣ ክሎዛፒን ድንገት ሲቆም ደሞ ህመሙ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ዶክተር ጋ ሄዶ «ኪሎው እያጠፋኝ ነው» ማለት ሙሉ ምክንያት ነው፣ ቀለል ወዳለው መቀየር አለ፣ ሜትፎርሚን ሚባለውን የስኳር መድኃኒት መጨመር አለ። ኪሎ የቁንጅና ጉዳይ ነው ብሎ ሚያልፋችሁ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፣ እኔ እንደዛ ያለኝ ነበር።

አሁን ወደ አያያዙ። ከሴት ፖይንት ሃሳብ ሚወጣው የመጀመሪያው ነገር ለብዙ ሰው ሚያስቅ ነው፣ መጀመሪያዎቹ ሶስት ወር ላይ ለመቀነስ አትሞክሩ፣ ባላችሁበት ለመቆም ሞክሩ። ይሄ የኔ አቋም ነው፣ ምክንያቴም መድኃኒት ሚቆምበት ጊዜ እንቅልፍም ሙድም ሚናወጥበት ጊዜ ነው፣ እሱ ላይ ረሃብ መጨመር በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። በ1944 መጨረሻ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በተጀመረ ጥናት 36 ጤነኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንት ግማሽ ራብ ላይ አቆይተው አይተዋል፣ ሰዎቹ ተጨንቀዋል፣ ተነጫንጨዋል፣ ቀን ከሌት ስለ ምግብ ብቻ ነበር ሚያስቡት፣ ሲለቀቁ ደሞ መጥገብ አቅቷቸው ብዙዎቹ ስባቸው ከመነሻው አልፎ ሄደ። እነዚህ ጤነኞች ናቸው እንግዲህ፣ ገና ከድብርት ወይ ከሳይኮሲስ ወጥታችሁ በቀን 800 ካሎሪ ምናምን ሚል ነገር አትጀምሩ።

ሁለተኛው ልማዱን ከመድኃኒቱ መለየት ነው። ክኒኑ ሄዷል፣ ክኒኑ ያስለመደን ግን አልሄደም። እኔ ማታ አምስት ሰዓት ላይ እግሬ ራሱ ፍሪጅ ጋ ይወስደኝ ነበር፣ ሆዴን ስጠይቀው አልራበኝም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዛ ሰዓት ስለበላሁ ብቻ ነው። መድኃኒቱ አፍ ሚያደርቅባቸው ወይ በሊቲየም ውሃ ሚጠማቸው ሰዎች ደሞ ለስላሳ መጠጥ ለምደው ይወጣሉ፣ ጥሙ ካለፈ በኋላም ጠርሙሱ ይቀጥላል። እኔ የሰራልኝ ራትን ማሳነስ ሳይሆን ማሳደግ ነበር፣ እንቁላል፣ ባቄላ፣ አሳ፣ አትክልት ሳይቆጠቡ መብላት፣ ፕሮቲን እና ፋይበር ሆድ ውስጥ ስለሚቆዩ አምስት ሰዓት ሲሆን እግሬ ቢሄድም ፍላጎቱ የለም። ሁለት ወር ፈጅቷል።

ሶስተኛው ጡንቻ። በፍጥነት ስትከሱ ጡንቻም ይሄዳል፣ ጡንቻ ሲሄድ ሚቃጠለው ካሎሪ ይበልጥ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሶስቴ ክብደት ማንሳት ወይ ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግ እና ፑሽ አፕ ከመራመድ ጋ ቢሆን ጥሩ ነው። ጂም መሄድ ግዴታ አይደለም። እንቅልፍም እዚሁ ይገባል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው በነጋታው የምግብ ፍላጎቱ ከፍ ይላል።

እና ዘገምተኛ ነው። በ2013 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 291 ከባድ የአእምሮ ህመም ያለባቸውን ሰዎች፣ ብዙዎቹ ገና መድኃኒት ላይ እያሉ፣ 18 ወር ተከታትሎ በምግብ ምክር እና በቡድን ስፖርት ብቻ ከሌሎቹ በአማካይ 3.2 ኪሎ ልዩነት አምጥቷል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሚገርመው ከወር ወር እየጨመረ መሄዱ ነው፣ እንደ ዳይት ቶሎ ወርዶ አልተመለሰም።

መድኃኒት ሚረዳበትም ጊዜ አለ። ሜትፎርሚን በአማካይ ሶስት ኪሎ ገደማ ነው፣ ሊራግሉታይድ ሚባለው የስኳር እና የክብደት መርፌ ደሞ በ2017 ክሎዛፒን ወይ ኦላንዛፒን ሚወስዱ ሰዎች ላይ በ16 ሳምንት 5.3 ኪሎ ልዩነት አሳይቷል። የሱ ዘመድ የሆነውን ሴማግሉታይድን ሁሉም ሰው ስሙን ሰምቷል፣ ያቆሙት ሰዎች ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሶስተኛውን መልሰዋል፣ ያው ሴት ፖይንት ነው እንግዲህ፣ ከዚህኛው መድኃኒትም በኋላ ቆሞ ይጠብቃል።

ምን ትለኩ? ሚዛን በሳምንት አንዴ ጠዋት፣ በየቀኑ ከሆነ ውሃ እና ጨው ብቻ ነው ምታነቡት። ወገብ በሜትር፣ ብዙ መመሪያዎች ሴት 80 ሴንቲ ወንድ 94 ሴንቲ ሲያልፍ ይጠንቀቁ ይላሉ። ደሞ ኤችቢኤዋንሲ፣ ያለፈውን ሶስት ወር ስኳር ሚያሳየው ምርመራ፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ከሆነ ስኳር ደጃፍ ላይ ናችሁ፣ 6.5 እና በላይ ከሆነ ገብታችኋል። ከክብደት 5% መቀነስ ብቻ እነዚህን ቁጥሮች ማንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ለኔ ከ83ቱ 4 ኪሎ ማለት ነበር።

አሁን ካቆምኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፣ 77 ላይ ነኝ፣ ስኳሬ ከ5.9 ወደ 5.5 ወርዷል፣ ሚዛኑም እዚሁ አካባቢ ካደረ ሶስት ወሩ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ «ስከሳ» ብዬ ያስቀመጥኩትን የ69 ኪሎ ሱሪ ባለፈው ሳምንት ለወንድሜ ሰጠሁት፣ እሱን ደሞ ርዝመቱ አልሆነውም።